አራት ባይት

ከጦሳ የወረደው ጉም ደረጃው ሥር ደረሰ፣
የመጥረጊያና የባልዲውን ጓዳ ነጭ አለበሰ።
እዚያ ነው ስዊቹ፤ አረንጓዴ ዓይኑን እያርገበገበ፣
ምንም እንዳልዋጠ ሁሉ አፉን የሰበሰበ።

ዘምዘም ከኮምቦልቻ ክሊኒክ ለሦስተኛ ጊዜ ደወለች፤
«አበጋዝ፣ ፎቶው እንቢ አለ» አለች።
«ስሙ ደርሷል አይደል? ዕድሜው ደርሷል አይደል?
ሙሄ ዳምጠው፣ ስልሳ ሁለት፣ ከብረታ ብረት ፋብሪካ፤
ደረቱ ብቻ ነው የቀረው፤ ሐረጎ ላይ ቀልጦ ለካ!»

እውነቷን ነው። ስም ቀላል ነው፣
ዳገቱን በእግሩም ይወጣዋል።
ራጅ ግን ተከታትፎ፣ በጥቅል በጥቅሉ ታስሮ፣
እያንዳንዱ ጥቅል እስከ አፉ ተጠቅጥቆ፣
እንደ ሰኞ ገበያ አይሱዙ ጎማው ተጨንቆ።

ፒንግ ላክሁ። ባዶ እጇን ሮጣ ደረሰች፣
«መንገዱ ሰላም ነው» ብላ ተመለሰች።
ባዶ እጁን ለሄደ የቱ መንገድ ክፉ ነው?
ሸክም ጨመርሁባት፤ «እንዳትቆራረጪ» ብዬ አስማልኋት።
አንድ ሺህ፣ አለፈች።
አንድ ሺህ አራት መቶ፣ አለፈች።
አንድ ሺህ አራት መቶ ስልሳ ስምንት፣ አለፈች፣ እያለከለከች።
ስልሳ ዘጠኝ ስላት
ጸጥ።

ይኼ ስዊች ጥሎ አይናገር፤ «ከበደኝ» እንኳ አይልም።
ማን አስተማረው ይሆን፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም?

ከሙሉው የጎደለውን ቆጠርሁ። አራት ባይት።
የምን አራት?

ከዚያ እጄን አየሁት። ይኸው እጅ ነው፤ ባለፈው ማክሰኞ
የራጅ ክፍሉን ለብቻው ቪላን ያስገባው፣
ሠላሳ ቁጥር የሰጠው፣
ከደመወዝ ክፍል ከመድኃኒት ቤት እንዳይደባለቅ ብሎ
በየጥቅሉ ግንባር ላይ መለያ የለጠፈው።
መለያዋ አራት ባይት ናት።

ገራዶ፣ የአያቴ ቤት በሩ ዝቅ ያለ ነበር።
ባዶ ራሱን የመጣ ሰተት ብሎ ይገባል፤
ሼሁ ሲመጡ ግን ጥምጥማቸው ጉበኑን ይመታል።
ቄሱም ሲመጡ እንዲሁ። ግንባራቸውን እያሹ ይስቃሉ፣
«ያንተ በር ሃይማኖት አይለይም» ይላሉ።
አንድ ክረምት አያቴ መጥረቢያ አነሣ፤
«እንግዳን ጥምጥም አውልቅ አይሉትም» አለና
ጉበኑን አራት ጣት ቀርፎ ከፍ አደረገው።

ዘጠኝ ሺህ ላድርገው ብዬ እጄ ኮምፒውተሩ ላይ ቆመ፣
ሰፊ በር ማን ይጠላል!
ግን የታችኛው ስዊች፣ የኮምቦልቻው፣ ያረጀ ነው፤
እኔ ስሰፋ እሱ ቢጠብ፣ ያው ማነቂያው ቦታ ለወጠ እንጂ ምን ተጠቀምሁ?
አንድ ሺህ አምስት መቶ አራት ብዬ ጻፍሁ፤ ዘምዘምም እታች
በስልክ ቁጥር በቁጥር እየጠራሁላት ጻፈች።

ስዊቹ ጠፍቶ ካልተነሣ ቃል አይቀበልም።
ሲስተር አለሚቱን «ሁለት ደቂቃ ሕንፃው ይጨልማል፣
መብራቱ ሳይሆን መረቡ» አልኋት። ሰዓቷን አየች።
«አሁን የሚወልድ የለም፤ አብሽር፣ አጥፋው» አለች።

አጠፋሁት። ዓይኖቹ ሁሉ ተከደኑ።
የማራገቢያው ድምፅ ሲቆም ሆስፒታሉ ምን ያህል እንደሚያስል ሰማሁ።

ከዚያ አንድ በአንድ በሩ።

ፎቶው ከላይ ወደ ታች፣ በመስመር በመስመሩ፣
መጀመሪያ የአንገቱ አጥንት፣ ቀጥሎ ጎድኖቹ፣
ቀጥሎ ያ ነጭ ነገር፣ በቀኙ በኩል፣ የጡጫ ያህል።
ዘምዘም በስልክ «ደረሰ?» ትላለች፣ «ደረሰ?»
«ደረሰ» አልሁ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ።

ሐኪሙ ስልኩን ከእጄ ተቀበለ።
ወንበሩን ሳበ፣ መነጽሩን ጠረገ።
«ጋሽ ሙሄን አቅርቢልኝ» አላት።
«እንደምን አመሹ፣ ጋሽ ሙሄ? ብርዱስ? ልጆቹስ?»
አለፈ። ሁሉም አለፈ።
ከዚያ ከበድ ያለውን ሊልክ አፉን ከፈተና
ጸጥ።